ከፈሩ ወዲያ የወደቀው አጋዘን

በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ፣ ጥቅምት ላይ፣ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እያረምኩ ሳለ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለልኝ። የሚኖረው ኮሎራዶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ለበዓል ስለሆነ ደንገጥ ብዬ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ አዳኝ ነበሩ አይደል?» አለኝ።

«አዳኙ አያ ነበሩ። እኔ ውኃ ተሸካሚ ነበርኩ» አልኩት።

«እሺ፣ ታዲያ አያ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?» ብሎ ጭንቀቱን ዘረገፈው። ዘንድሮ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተማክሮ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ኤልክ ለማደን ፈቃድ አውጥቷል። ፈቃዱ ሕጋዊ ነው፣ ጊዜውም ደርሷል፤ ችግሩ ቦታው ነው። ማንም ሊገባበት በሚችለው የመንግሥት መሬት ላይ አዳኙ በዝቶ ኤልኩ ጠፍቷል። ኤልኮቹ ከአጥሩ ማዶ፣ የግል ርስት ውስጥ፣ ተኝተው ያመሰኳሉ። «በመነጽር አያቸዋለሁ፣ ጋሼ። የጆሯቸው መንቀሳቀስ ሳይቀር ይታየኛል። የት ልሂድ?»

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር፣ የመምህር ነገር ሆኖብኝ ነው። እኛ «አጋዘን» የሚለውን ስም ለብዙ እንስሳ እንሰጠዋለን። ኤልክ ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው፤ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያለውና በየዓመቱ ወልቆ እንደገና የሚበቅል ነው። የእኛ ቆላ አጋዘን ግን ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ዕድሜውን ሙሉ የማይጥለው ነው። ዘመዳሞች ቢሆኑም ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ። ሰው ሲበዛባቸው ሰው የማይደርስበትን ቦታ ቶሎ ያውቃሉ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ፈተናው ወረቀት መመለስ አልቻልኩም። ልቤ ሐምዳይት ገብቶ ነበር።

ሐምዳይትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሰቲት ወንዝ ዳር ያለች የሱዳን መንደር ናት። ሰቲት ማለት ከላይ ተከዜ የምንለው ወንዝ ነው። ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ የሚገናኙት እዚያው አካባቢ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት «የእኔ ዶሮ ሲጮህ ሦስት መንግሥት ይነቃል» እያሉ ያስቁን ነበር። እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያደግሁት እዚያ ነው። ቤተሰቤ ከወንዙ ማዶ፣ ከሰሊጡ አገር ነው የመጣው።

ያ አገር የአዳኝ አገር ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር ወደ አትባራና ሰቲት ወንዞች መጥቶ ነበር፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1867 በመጽሐፍ አወጣው። ይበልጥ ያስደነቁት የሐምራን ዓረቦች ናቸው። ዝሆንን በጎራዴ ያድኑ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት እየጋለበ ዝሆኑን ያስቆጣዋል፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት ይቆርጣል። አያ ይህንን ታሪክ ያውቁት የነበረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሐምራን ሽማግሌዎች አፍ ነው። ያኔም ቢሆን መሬቱ ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ጎሳው ባለቤቱ ነበር፣ ሼኩ ይጠየቅ ነበር። የሚጠየቀው ሰው ግን እዚያው፣ ከዛፉ ሥር፣ ቡናውን እየጠጣ ይገኛል።

መሽሩዑ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። በገዳሪፍ በኩል የትራክተር እርሻ የተጀመረው በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ለጦሩ ማሽላ ለማምረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ በ1970 ደግሞ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ ወጣ። የጎሳ መሬት የሚባለው አብዛኛው በመዝገብ ያልሰፈረ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ መሬት የሚገኘው በወረቀት ሆነ። ወረቀቱን የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ከተማ ያለ ነጋዴ ነው። አንድ መሽሩዕ በተለምዶ 1,000 ፈዳን ነው፣ ወደ 420 ሄክታር። አራት ማዕዘን ቢሆን ዙሪያውን ለመዞር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። አራት አምስቱ ተያይዘው ሲቀመጡ የሚሆነውን ራሳችሁ አስሉት።

አጥር የለውም። ድንበሩ ትራክተር የቀደደው አንድ ረጅም ፈር ነው። ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል። ነገር ግን ከፈሩ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ አገዳውም፣ እንጨቱም፣ ውኃው የሚጠራቀምበት ሐፊርም፣ ባለቤት አለው፤ ጠባቂም አለው። ጠባቂውን ገፊር እንለዋለን።

1977 ዓ.ም. የከፋ ዓመት ነበር። ዝናቡ በወንዙ ወዲህም ወዲያም ቀርቷል። ከማዶ በረሃብ የተነሣ ሕዝብ በየቀኑ ይሻገራል። የማሽላ ዋጋ ሰው እየሳቀ የሚናገረው ሆኖ ነበር፤ ሊገዛው እንደማይችል ስለሚያውቅ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ሄዷል። እናቴ ጥር ላይ ትንሿን እህቴን ወለደች። አራስ ቤት የገባ ሽታ ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ የሸተተኝ ጭስ ብቻ ነበር፣ ድስት አልነበረም። ጡቷ ወተት አልያዘ አለ። ሴቶቹ «ሾርባ ብታገኝ» ይሉና እርስ በርስ ተያይተው ዝም ይላሉ።

አያ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አንድ አሮጌ ምንሽርና ሦስት ጥይት ነበራቸው። የአደን ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ይህን ለተማሪዎቼ አልደብቅም። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሱዳንም በኢትዮጵያም ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት።

ማታ ከራኩባው ሥር ተቀምጠው በዱላ መሬት ላይ ሰቲትን ሣሉ፤ አንድ ጠማማ መስመር። ከዚያ ቦታዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። አንደኛው ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያ ጫካ አለ፣ አጋዘንም አለ፣ ግን ጦርነትም አለ። ጠመንጃ ይዞ የሚሻገር ሰው አዳኝ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ያንን ወዲያው በእጃቸው አጠፉት።

ሁለተኛው ከወንዙ ወዲህ፣ ጎርፍ የሸረሸረው ገደላ ገደል መሬት ነው። ትራክተር ስለማይወጣው ማንም ወረቀት አላወጣበትም። ለሁላችንም የተተወው እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሁላችንም እዚያ ነበርን። እንጨት ለቃሚው፣ ከሰል አክሳዩ፣ የሰባ ቤት ፍየል፣ የላሐዊን ግመል፣ አሁን ደግሞ ከማዶ የመጣው ሕዝብ። «እዚያ ያለው አውሬ ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ አያ።

ሦስተኛው መሽሩዑ ነው። ከሐፊሩ አጠገብ ያልተመነጠረ የግራርና የበደኖ ቁጥቋጦ ቀርቶ ነበር። አጋዘኖቹ ቀን ቀን እዚያ እንደሚተኙ ሁሉም ሰው ያውቃል። ገፊሩ ማንንም ስለማያስገቡ ሰላም አላቸው።

እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «ሌሊት እንግባ፣ አያ። ገፊሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ይተኛሉ» አልኩ።

«ይተኛሉ» አሉ። «ተኩስ ግን ያነቃቸዋል። እኛ ከተያዝን ጠመንጃውን ይወስዱታል። ካልተያዝን እሳቸው እንጀራቸውን ያጣሉ። እሳቸውም ቤት የሚጠብቃቸው አለ።»

ከዚያ በሁለቱ መሽሩዕ መሐል አንዲት ቀጭን መስመር በዱላቸው ሰነጠቁ። መርሐል ነው፤ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት፣ ለሁሉም የተተወ መንገድ። ወርዱ መቶ ኀምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። «ሐፊሩ ታኅሣሥ ላይ ደርቋል። ውኃ ያለው የወንዙ ኩሬ ውስጥ ብቻ ነው። ቀን የሚተኙት እነሱ ዘንድ ነው፣ ሌሊት የሚጠጡት እኛ ዘንድ። ጎሕ ሳይቀድ ሲመለሱ መርሐሉን ማቋረጥ ግድ ነው። የሚተኛበትን ተወው። የሚያልፍበትን ነው የምንፈልግ።»

ሦስት ሌሊት ሄድን። በመጀመሪያው ሌሊት የግመል መንጋ መጣና አካባቢውን በደወልና በአቧራ ሞላው። በሁለተኛው ጎሕ ላይ አንዲት እናት አጋዘን ግልገሏን አስከትላ ከፊታችን ቆመች። ሠላሳ እርምጃ እንኳ አትሆንም። አያ ጠመንጃውን አላነሡም። መንገድ ላይ አላናገርኳቸውም፤ እናቴ እቤት እየጠወለገች እሳቸው ለአውሬ ግልገል ያዝናሉ ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እሳቸውም ምንም አላሉ። አሁን በዕድሜያቸው ስደርስ ሳስበው፣ ዝም ያሉት እርግጠኛ ሆነው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወንዱ መጣ። በጋ ስለሆነ ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ ከመርሐሉ ደቡብ ጠርዝ ተኝተን ፊታችን ላይ ይነፍስብናል። መጀመሪያ ያየሁት ቀንዱን ነው፤ ጭራሮ መስሎኝ ነበር። አያ ቃታውን ሳቡ። አጋዘኑ ከፊቱ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ቤቱ ሮጠ። ፈሩን ዘለለና ከታጨደው ማሽላ መሐል፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገብቶ ወደቀ። አንገቱን ቀና አደረገ፣ ጣለ፣ እንደገና ቀና አደረገ።

ፈሩ ላይ ደርሰን ቆምን።

ይህን ለልጆች በደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ የከተማ ልጅ «ሄዶ ማምጣት ነው እንጂ» ሊል ይችላል። ሳይታረድ የሞተ እንስሳ እኛ አንበላም። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችም አይበሉም። የገፊሩ ራኩባ ከመሽሩዑ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ሄዶ አስፈቅዶ ለመመለስ ሰዓት ያልፋል። አጋዘኑ ሰዓት አልነበረውም። ቆመን ፈቃድ ከጠበቅን ሥጋው ለማንም አይሆንም። ከነጠመንጃችን ከገባን ደግሞ ያን ሁሉ ሌሊት የሸሸነው ነገር ሆነን ተገኘን ማለት ነው።

አያ ብዙ አላሰቡም፣ ወይም እኔ እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ጥይቱን ከጠመንጃው አወጡና ምንሽሩን መርሐሉ ላይ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ አስቀመጡት። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በዱላቸው ጫፍ አሰሩና ዱላውን ፈሩ ላይ ተከሉት፤ ነጭ ስለነበር ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ቢላዋ ብቻ ይዘው ገቡ። «በስመ አብ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰማኝ። ከባረኩ በኋላ ቢላዋውን በአገዳ ጠርገው ከአጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ሂድና ገፊሩን ጥራ!» ብለው ጮኹብኝ። «እስኪመጡ አልነካውም!»

ሮጥኩ። ገፊሩ ከምዕራብ ሱዳን የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ተኩሱን ሰምተው ተነሥተው መጥተው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በዓረብኛ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ እናቴም ነገርኳቸው። ያቋረጡኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ማን አረደው?»

«አያ።»

ዝም አሉ። እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር። እሳቸው ቢያርዱት ኖሮ ልጆቻቸው ይበሉ ነበር፤ እናቴ ግን አትበላም። አያ ስላረዱት እናቴ ትበላለች፣ የእሳቸው ልጆች አይበሉም። የአጋዘኑ አንገት አንድ ነው፤ የደረሰበት ቢላዋ የአንዱን ቤት ብቻ ያጠግባል።

«ዓሚ፣ ልንጠራዎት ብንሄድ ይሞት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉና መንገድ ቀጠሉ።

አያን ሲያዩዋቸው የሱዳን ሰላምታ እንደምታውቁት ነው፤ በረሃብ ዓመትም፣ በሌባና በጠባቂ መሐልም አያጥርም። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ገፊሩ አጋዘኑን ዞረው አዩት። የተተከለውን ዱላም አዩት። «ቆዳው የእኔ ነው» አሉ። «አንገረቤ ተበጣጥሶ መሬት ላይ ነው የምተኛው። ሥጋውን ፀሐይ ሳይወጣ አንሡ። ወኪሉ ዛሬ ሊመጣ ይችላል።»

አያ ቆዳውን ራሳቸው ገፈፉላቸው፣ አንድ ቀዳዳ ሳያወጡ። ደሙን በአፈር ሸፈንን። ሥጋውን በሁለት ዙር ወደ መርሐሉ አወጣነው፤ ከዚያ በጎረቤት አህያ ወሰድነው። ጥንብ አንሣዎቹ ግን ገና እዚያው ሳለን ከላይ መዞር ጀምረው ነበር። እነሱን የሚሸፍን አፈር የለም።

እናቴ ሾርባው ሲቀርብላት መጀመሪያ የጠየቀችው ከየት እንደመጣ ነበር። አያ ነገሯት፤ አስፈቅደናል አሏት።

«ሳትገቡ ነው ከገባችሁ በኋላ ያስፈቀዳችሁት?» አለች።

«ከገባን በኋላ።»

ትንሽ አሰበችና ጎድጓዳ ሳህኑን ተቀበለች። የቀረውን ቋንጣ አደረግነው። ትንሿ እህቴ በሳምንቱ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ በዚያ ቤት ልቅሶ እንደዚያ ያስደሰተበት ቀን አላውቅም። ኮሎራዶ ያለው የእሷ ልጅ ነው።

ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በመርሐሉ ስናልፍ ራኩባው ላይ ሌላ ገፊር አየን። ወጣት ነው፣ ጅራፍ ይዟል። አያ መንደሩን ሁሉ ጠየቁ። አንዱ ሽማግሌው በዶካ በኩል ወዳለ ሌላ መሽሩዕ ተዛውረዋል አለ። ሌላው ወኪሉ አንገረቡ ላይ አዲስ ቆዳ አይቶ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም መዋሸት አልቻሉም አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላወቅንም። አያ የቀሩትን ሁለት ጥይቶች ሸጡና አንድ ቁና ማሽላ ገዝተው የገፊሩ ሚስት ወደነበሩበት ሰፈር ወሰዱ። ቤቱ ባዶ ነበር። ማሽላውን መልሰው አመጡት፤ እኛ በላነው። ምንሽሩ ከዚያ በኋላ ሲተኮስ አልሰማሁም።

ሐምዳይትን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። መርሐሉን ፈልጌ አጣሁት፤ ሰሊጥ ተዘርቶበታል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 2013 ላይ፣ በሰቲት በኩል ብዙ ሺህ ሕዝብ እንደገና ተሻገረ። በዚያን ጊዜ በሐምዳይት የነበሩ አንዳንድ ወላጆቻችን ሲያጫውቱኝ፣ ከምግቡ እኩል ያስጨነቃቸው የማገዶ ነገር እንደነበር ነግረውኛል፤ እንጨቱ ያለው ፈር ወዲያ ነው፣ ወዲህ ያለው ተለቅሞ አልቋል። የአያን ዱላ፣ መሬት ላይ የሣሉትን ጠማማ መስመር አስታወሰኝ።

ለእህቴ ልጅ በማግሥቱ መልሼ ደወልኩ። የሚተኙበትን ተወው፣ የሚያልፉበትን ፈልግ አልኩት። እዚያ አገር መሬቱን በስልክ ካርታ ላይ በቀለም ለይተው ያዩታል፤ የማን እንደሆነ ስሙ ሳይቀር ይነበባል። በአጎራባቹ በዋዮሚንግ የግልና የመንግሥት መሬት እንደ ዳማ ገበታ የተፈራረቀበት ቦታ አለ፤ በባቡር ሐዲድ ዘመን ለኩባንያ የተሰጠ መሬት ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አራት አዳኞች ማዕዘኑ ላይ መሰላል አቁመው፣ የግሉን መሬት ሳይረግጡ፣ ከአንዱ የመንግሥት መሬት ወደ ሌላው ተሻገሩ። ተከሰሱ፤ በ2022 ነጻ ተባሉ፤ ባለመሬቱ በፍትሐ ብሔር ቢከሳቸውም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 2025 ላይ ለእነሱ ፈረደላቸው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። መሰላሉ ጋ ሲደርስ ሳቅሁ። አያ ቢሰሙት ዱላቸውንና ጋቢያቸውን ያስታውሱ ነበር።

«ብተኩስና ቆስሎ ወደ ግሉ ቢገባስ?» አለኝ።

«እዚያ አገር ምን ይላል ሕጉ?»

«ባለቤቱ ካልፈቀደ መግባት አይቻልም።»

«እንግዲያ ሳትተኩስ አስፈቅድ» አልኩት። ለአያ ያልተቻላቸውን ለእሱ ማዘዝ ቀላል ነበር።

ሁለት በር አንኳኳ። አንደኛው ቤት ውሻ ብቻ መለሰለት። ሁለተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ዘንድሮ ለዘመዶቻቸው ቃል እንደገቡ፣ በበጋ መጥቶ አጥር በማደስ ቢያግዛቸው ግን ለከርሞ እንደሚያስቡበት ነገሩት። የአደኑ ወቅት አንድም ሳይተኩስ አለቀበት። ፎቶ ላከልኝ፤ የተዘጋ በር፣ ከበሩ ኋላ በረዶ የጀመረው ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ቡናማ ነጠብጣቦች።

«የገፊሩ ነገር እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?» ብሎ ከሥሩ ጽፎልኛል።

ቀንዶቹ እስካሁን ቤቴ አሉ፤ አንደኛው ላይ ጃኬቴን እሰቅልበታለሁ። ከቆዳው የተሠራውን አንገረብ ግን አንድ ቀንም አላየሁት።